«ገጽ 2» የተባለው ዓረፍተ ነገር፦ በአንድ የፍቺ ውሳኔ ዙሪያ የተደረገ የአህጽሮተ ቃላት ፍለጋ

የውጭ አገር ሕግ ላይ ስንሠራ ብዙ ጊዜ የሚያቆመን ሕጉ የተጠቀሰባት አጭር መስመር ናት። አራት ፊደል፣ ሁለት ቁጥር፣ አንድ ነጥብ። እሷን መፍታት ካልቻልን ሕጉን አናገኘውም፤ በስህተት ከፈታናት ደግሞ የማይመለከተንን ሕግ ይዘን እንለፋለን። ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ሁለተኛው የደረሰባት ሴት ጉዳይ ነው። ለጠበቆች፣ ለተርጓሚዎችና ለጉዳይ አስፈጻሚዎች ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ስም አልጠቅስም። ከተማውንም፣ መሥሪያ ቤቶቹንም እተዋለሁ። የጀርመንኛ አህጽሮቶቹን ጀርመኖች ፊደሎቹን በሚጠሩበት መንገድ በእኛው ፊደል አስፍሬያቸዋለሁ። «ቤ-ጌ-ቤ» ካልኩ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት የላቲን ፊደሎች ናቸው።

መነሻው

ባለጉዳይዋ ያገባችው አዲስ አበባ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010። ባልየው ጀርመን ይኖር ስለነበር ተከትላው ሄደች። ትዳሩ አልሰመረም። ክረምት ላይ ሁለቱም አገር ቤት በመጡበት ጊዜ፣ ሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በስምምነት ተፋቱ። በዚያን ጊዜ ሁለቱም የኢትዮጵያ ዜጎች ነበሩ። ባልየው የጀርመን ዜግነት ያገኘው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሁለቱም በጥገኝነት የገቡ አልነበሩም። ይህን የምጠቅሰው እውቅና ያለው ስደተኛ ቢኖርበት የሕጉ ጥያቄ ሌላ መልክ ስለሚይዝ ነው።

ከዓመታት በኋላ ጀርመን ውስጥ ከአንድ የጀርመን ዜጋ ጋር ለመጋባት ወሰነች። ጀርመን ውስጥ ጋብቻ የሚፈጸመው በክብር መዝገብ ቢሮ ነው፤ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን «ስታንዴሳምት» ይሉታል። ወረቀቷን አስገባች። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ፣ አንድ ገጽ ከምናምን የሆነ ደብዳቤ፣ ከግማሽ በላዩ አህጽሮት።

ደብዳቤውን ለአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ሰጠችው። እሱም በስልክ የትርጉም መተግበሪያ አስተረጎመውና «የፍቺ ማሳወቂያ ቅጽ አለ፣ ገጽ 1ንም ገጽ 2ንም ሞልተሽ ለፍትሕ ሚኒስቴር ማስገባት አለብሽ፣ የቀድሞ ባልሽም መፈረም አለበት፣ ወራት ይፈጃል» አላት። የቀድሞ ባሏ ስልክ አያነሳም። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። ወንድሟ አዲስ አበባ እኛ ቢሮ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የመጣውም ለትርጉም ሳይሆን የፍቺ ውሳኔውን እንደገና በማኅተም ለማውጣት ነበር። «ወንድሜ፣ ወረቀቱ ልክ አይደለም ብለዋታል፣ አዲስ አውጡልኝ» አለኝ። ወረቀቱን ሳየው ልክ ነው። ስለዚህ ደብዳቤውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት።

ደብዳቤው ላይ የነበረው

ሦስት ነጥብ ነበረው። የመጀመሪያው ስለ ፍቺው ነው። «የአንቀጽ ምልክት፣ 107፣ አብስ. 1፣ ኤስ. 2፣ ፋም-ኤፍ-ጌ» ይላል፣ ቀጥሎ «አለበለዚያ» ይልና ያንኑ መስመር ይደግመዋል፤ ልዩነቱ ከኤስ. በኋላ 2 የነበረው 1 መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስለ አዲሱ ጋብቻ ነው። «አርት. 13 ኤ-ጌ-ቤ-ጌ-ቤ»፣ «1309 አብስ. 2 ቤ-ጌ-ቤ ኢ.ፋው.ኤም. 12 አብስ. 3 ፔ-ኤስ-ቴ-ጌ»፣ መጨረሻ ላይ «ኦ-ኤል-ጌ»።

ሦስተኛው አህጽሮት የለውም፣ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። «ባስገቡት ሰነድ መሠረት ጋብቻዎ በ2010 ተፈጽሞ በ2007 ፈርሷል። እባክዎ ያብራሩ» ይላል።

ጉዳይ አስፈጻሚው ለማገዝ ብሎ ከኢንተርኔት ያተመው አንድ የቆየ የጀርመን ፍርድ ቤት ውሳኔም አብሮ ተያይዟል። እሱም «ካ-ጌ»፣ «ፋም-ኤር-ኤንድ-ጌ»፣ «አ.ኤፍ.»፣ «ፋም-ኤር-ዜት» በሚሉ ፊደሎች ተሞልቷል።

የማይሠሩት መንገዶች

ሌሎች በዚያው እንዳይደክሙ መጀመሪያ የማይሠራውን ልናገር።

የትርጉም መተግበሪያ አልሠራም። ተራ ዓረፍተ ነገሩን ደህና አድርጎ ይተረጉመዋል፣ አህጽሮቱ ላይ ሲደርስ ግን ወይ እንዳለ ይተወዋል ወይ በብዛት የሚያውቀውን ፍቺ ይሰጠዋል። አደገኛው ይኼ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም ያልተተረጎመ ነገር ቢያንስ «እዚህ ጋ ጥያቄ አለ» ብሎ ይታያል፣ በስህተት የተተረጎመው ግን የተፈታ መስሎ ያልፋል። «ኤስ.» ገጽ ሆና የወጣችው እንዲህ ነው።

ፊደሎቹን ብቻ ነጥሎ ኢንተርኔት ላይ መፈለግም አልሠራም። «ካ-ጌ» ብለህ ብትፈልግ የንግድ ማኅበር ዓይነት ይመጣልሃል፣ ጀርመን ውስጥ በእነዚህ ፊደሎች የሚታወቅ የሽርክና ማኅበር ስላለ። «አ-ጌ» ብትል አክሲዮን ማኅበር ይመጣል፣ የወረዳ ደረጃ ፍርድ ቤትም በዚሁ ይጠራል።

የእንግሊዝኛ የሕግ አህጽሮት ማውጫዎች በከፊል ረዱን። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ በነጻ ያስቀመጠው ማውጫ ከአህጽሮት ወደ ሙሉ ስም፣ ከሙሉ ስምም ወደ አህጽሮት ያስፈልጋል፤ ለሕግ መጽሔቶችና ለፍርድ ጥራዞች በጣም ጥሩ ነው፣ ሁሌም እጠቀምበታለሁ። የተሠራው ግን ለኅትመቶች ስም ነው። «ኢ.ፋው.ኤም.» የኅትመት ስም አይደለም፣ «ኤስ.»ም አይደለችም፣ ስለዚህ እነዚህን እዚያ መፈለግ ከንቱ ነው። ጀርመኖች ራሳቸው የሚጠቀሙበት «ኪርሽነር» የሚባል ወፍራም የአህጽሮት መጽሐፍ አላቸው፤ እኛ እጅ ላይ አልነበረም።

ጀርመንኛ የሚናገር ሰው መጠየቅ? ባልደረባዬ ጀርመን ተምሮ የመጣ መሐንዲስ ወዳጅ አለው። ደብዳቤውን አነበበልን፣ ቋንቋው አልቸገረውም፣ አህጽሮቶቹ ላይ ግን እንደ እኛው ቆመ። ይህ ሊገርመን አይገባም። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ «ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ» ሲያይ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ብሎ አያነብም።

የሠራው መንገድ

ያዋጣን ነገር ቀላል ነው። ፊደሎቹ የምን ምህጻር እንደሆኑ ከመጠየቃችን በፊት ምን ዓይነት ነገር እንደሆኑ ጠየቅን። አንድ የሕግ ጥቅስ ውስጥ አህጽሮት የሚሠራው ሥራ ብዙ አይደለም። ወይ የሕጉ ስም ነው። ወይ በሕጉ ውስጥ ያለው ቦታ ነው፣ አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ የመሳሰለው። ወይ ፍርድ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ነው። ወይ ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ የፍርድ ጥራዝ ነው። ወይ ደግሞ ማያያዣ ነው፣ «ከዚህ ጋር ተዳምሮ»፣ «ይመለከቷል»፣ «የቀድሞው ቅጂ» ዓይነት። የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ ፊደሉ ሳይሆን መስመሩ ውስጥ ያለበት ቦታ ነው።

ወረቀት ላይ አምስት ዓምድ ሠርተን እያንዳንዱን አህጽሮት ጎረቤቶቹን እያየን አስገባነው። «ፋም-ኤፍ-ጌ» የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ ከፊቱ ቁጥሮች አሉ፣ የጀርመን ጥቅስ ደግሞ ቁጥሩን አስቀድሞ የሕጉን ስም በመጨረሻ ያደርጋል፤ የእኛ ተቃራኒ ነው። በጀርመን የሕግ አህጽሮቶች መጨረሻ ላይ የምትመጣ «ጌ» ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕግ ማለት የሆነው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ናት። ስለዚህ የሕግ ስም ነው። «ኢ.ፋው.ኤም.» በሁለት ሕጎች መሃል ናት፣ ስለዚህ ማያያዣ ናት፤ «ከዚህ ጋር ተዳምሮ» ማለት ሆነች። «ካ-ጌ»ን ተከትለው ቀንና የመዝገብ ቁጥር አሉ፣ ስለዚህ ፍርድ ቤት እንጂ የንግድ ማኅበር ሊሆን አይችልም። በርሊን ያለው ከፍተኛ ክልላዊ ፍርድ ቤት በታሪካዊ ስሙ «ካመርጌሪሽት» ስለሚባል በእነዚህ ፊደሎች ይጠቀሳል፤ ሌሎቹ የእሱ እኩዮች ሁሉ «ኦ-ኤል-ጌ» ናቸው።

የሕግ ስሞቹን ከለየን በኋላ ቀሪው ሥራ ፈጠነ። የጀርመን ፌዴራል ፍትሕ ሚኒስቴር የፌዴራል ሕጎችን በነጻ የሚያወጣበት «ጌዜትሴ ኢም ኢንተርኔት» የተባለ ድረ ገጽ አለ። ሕጎቹ በአህጽሮታቸው በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ አህጽሮቱን ብቻ ይዞ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ በር የለም። እያንዳንዱ ሕግ አናት ላይ ሙሉ ስሙ፣ የወጣበት ቀንና ሙሉ ጥቅሱ አለ። «ፋም-ኤፍ-ጌ» የቤተሰብ ጉዳዮችና ክርክር የሌለባቸው ጉዳዮች የሚታዩበት የሥነ ሥርዓት ሕግ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 2008 የወጣ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2009 ጀምሮ የሚሠራ። «ቤ-ጌ-ቤ» የፍትሐ ብሔር ሕጋቸው ነው። «ፔ-ኤስ-ቴ-ጌ» የክብር መዝገብ ሕጉ።

«ኤ-ጌ-ቤ-ጌ-ቤ» ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ማስፈጸሚያ ሕግ ነው፣ ራሱን የቻለ ሌላ ሕግ። ጉዳይ አስፈጻሚው የፊቶቹን ሁለት ፊደሎች ትቶ የቤ-ጌ-ቤን አንቀጽ 13 አውጥቶ ነበር፤ ያገኘው የሸማችን ትርጓሜ ነው! ምልክት ግን ነበረው። ቤ-ጌ-ቤ ሲጠቀስ የተጠማዘዘችው የአንቀጽ ምልክት ትቀድማለች፣ የማስፈጸሚያው ሕግ ሲጠቀስ ደግሞ «አርት.» ይላል። ትክክለኛው አንቀጽ 13 የሚለው እያንዳንዱ ተጋቢ የማግባት ችሎታው የሚመዘነው በዜግነቱ አገር ሕግ መሆኑን ነው። ለዚህ ነው 1309 ያስፈለገው። የውጭ ዜጋ ከአገሩ ባለሥልጣን ጋብቻ የሚከለክለው ነገር እንደሌለ የምስክር ወረቀት ማቅረብ አለበት፤ አገሩ እንዲህ ያለ ወረቀት የማይሰጥ ከሆነ ደግሞ የከፍተኛ ክልላዊ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ከዚህ ግዴታ ነጻ ሊያደርገው ይችላል። ማመልከቻውን የሚቀበለውና የሚያዘጋጀው የክብር መዝገብ ቢሮው ራሱ ነው፤ ፔ-ኤስ-ቴ-ጌ 12 የሚለው ይህንን ነው። ባለጉዳይዋ ፍርድ ቤት ሄዳ የምትሟገት መስሏት ነበር።

«ኤስ.»

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ሕጉ ፊታችን ነው፣ አንቀጽ 107 ተከፍቷል፣ «አብስ. 1» ማለትም ንዑስ አንቀጽ 1 እነሆ። «ኤስ.» ገጽ ልትሆን ትችላለች? የሕግ ጽሑፍ ውስጥ ያለን ቦታ የሚጠቁሙ አህጽሮቶች ከሰፊው ወደ ጠባቡ ነው የሚሄዱት። አንቀጽ፣ ንዑስ አንቀጽ፣ ከዚያ የግድ ከንዑስ አንቀጽ የሚያንስ ነገር መምጣት አለበት። ገጽ ከንዑስ አንቀጽ አያንስም። ስለዚህ «ኤስ.» እዚህ ጋ ዓረፍተ ነገር ናት። ጀርመኖች በንዑስ አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች ይቆጥራሉ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ጽሑፉ ላይ አይታይም፣ አንባቢው ራሱ ነው የሚቆጥረው። እኛ አገር በንዑስ አንቀጽና በፊደል ተራ ስለምንጠቅስ ዓረፍተ ነገር በቁጥር ይጠቀሳል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይገኝም።

ደብዳቤው ውስጥ ግን ያቺው «ኤስ.» ሌላ ቦታ ላይ ገጽ ነበረች። የሕጉ መውጫ ሲጠቀስ «ቤ-ጌ-ቤ-ኤል 1፣ ኤስ. 2586» ይላል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ጋዜጣ ክፍል 1፣ ገጽ 2586 ነው። አንድ ፊደል፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ሥራ። ከሕጉ ስም በፊት ስትመጣ ዓረፍተ ነገር፣ ከጋዜጣው ስም በኋላ ስትመጣ ገጽ።

አንዴ ይህ ከተፈታ ጉዳዩ ተገለበጠ። ዓረፍተ ነገር 1 ዋናውን ደንብ ያስቀምጣል፦ በውጭ አገር የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ጀርመን ውስጥ እውቅና የሚያገኘው የክልሉ የፍትሕ አስተዳደር መስፈርቱ መሟላቱን ሲያረጋግጥ ነው። ዓረፍተ ነገር 2 ደግሞ ልዩ ሁኔታውን ያመጣል፦ ውሳኔውን የሰጠው ፍርድ ቤት ወይም ባለሥልጣን፣ በውሳኔው ጊዜ ሁለቱም ተጋቢዎች ዜጎቹ የሆኑበት አገር ከሆነ፣ ይህ ማረጋገጫ አያስፈልግም። የመዝገብ ቢሮው የጻፈላት ሲጠቃለል «በጊዜው ሁለታችሁም ኢትዮጵያውያን እንደነበራችሁ አሳዪ፣ ካልሆነ ግን ወደ ፍትሕ አስተዳደሩ ሂጂ» የሚል ነበር። አማራጭ ሰጥተዋት ነበር። እሷ ጋ የደረሰው ግን ሁለት ገጽ ያለው ቅጽ ነው፣ የቀድሞ ባሏ ፊርማ ተጨምሮበት።

የተያያዘው የቆየ ውሳኔም መጣል ነበረበት። «ፋም-ኤር-ኤንድ-ጌ» እ.ኤ.አ. የ1961 የቤተሰብ ሕግ ማሻሻያ ሕግ ነው፤ የውጭ ፍቺ እውቅና ቀድሞ የሚመራው በእሱ አንቀጽ 7 ነበር፣ ከ2009 ጀምሮ በአንቀጽ 107 ተተክቷል። «አ.ኤፍ.» ማለት «የቀድሞው ቅጂ» ነው። እነዚህን ሁለት ፊደሎች ያላየ ሰው የሞተ ሕግ ይዞ ቢሮ ይገባል። በኔ ግምት ከማያያዣዎቹ ሁሉ ቀድሞ መታወቅ ያለበት ይኼ ነው።

የእኛው ወረቀት

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ እነሱ አህጽሮት ነው። ሦስተኛው ነጥብ፣ ጋብቻው ሳይፈጸም ፈረሰ የሚለው፣ የመጣው ግን ከእኛ ነው።

የጋብቻ ምስክር ወረቀቷ በእንግሊዝኛም ስለተጻፈ በፈረንጅ አቆጣጠር 2010 ይላል። የፍቺ ውሳኔው በአማርኛ ብቻ ነው፤ «ሐምሌ 2007 ዓ/ም» ይላል። ተርጓሚው ዓ/ምን ትቶ 2007ን ብቻ ወሰደ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም. በእነሱ ሐምሌ 2015 ነው፤ ከጥር መጀመሪያቸው አንስቶ እስከ ጳጉሜን መጨረሻችን 8 ይደመራል፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻቸው 7። ይህ ለእኛ የሕፃን ትምህርት ነው። እዚህ ጋ ግን የመብት ጉዳይ ሆነ፤ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገር 2 የሚጠይቀው «በውሳኔው ጊዜ» የነበረውን ዜግነት ነው። ጊዜው ካልታወቀ ዜግነቱ አይታወቅም።

ሌሎችም ነበሩ። «መ/ቁ» የመዝገብ ቁጥር ነው፤ ተርጓሚው የመታወቂያ ቁጥር አድርጎታል። «የተ/ቤ/ሕ/ቁ 77» የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 77 ነው፣ በስምምነት ስለሚደረግ ፍቺ የሚናገረው፤ ተርጓሚው ፊደሎቹን በላቲን ገልብጦ አልፏቸዋል። «አ/ቁ 213/92» ደግሞ በጀርመንኛው «የ1992 ሕግ ቁጥር 213» ሆኗል፤ አንድ ጀርመናዊ ይህን ይዞ እ.ኤ.አ. የ1992 የኢትዮጵያ ሕግ ቢፈልግ ምንም አያገኝም። አዋጁ በእንግሊዝኛ ቁጥር 213/2000 ነው።

መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ አህጽሮቶቹን ዘርዝሮ እንዲጽፍልን ሞከርን። አልሆነም፣ ሊሆንም አይችልም፤ መዝገብ ቤቱ የሚሰጠው የውሳኔውን ትክክለኛ ግልባጭ ነው እንጂ አዲስ ጽሑፍ አይደለም። ተገቢም ነው።

የሠራው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ነው። ጋዜጣው አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ በአንድ በኩል ቁጥር 213/1992፣ በሌላው ቁጥር 213/2000 ይላል፤ ቀኑም ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. እና ሐምሌ 4 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ሆኖ ተቀምጧል። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ኅትመት የአዋጁን ማንነትም የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነትም በአንድ ላይ አረጋገጠልን፤ የእኛ ቃል ብቻ አልነበረም። የጋዜጣውን ገጾች አያይዘን፣ በውሳኔው ላይ ላለው ለእያንዳንዱ አህጽሮት ሙሉ ቃሉን የያዘ ዝርዝር አዘጋጅተን ላክን። ጀርመን ያለ ሌላ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ በዚያ ተመርቶ ውሳኔውን እንደ አዲስ ተረጎመው። ሙሉ ቃሉን በጽሑፉ ውስጥ፣ አህጽሮቱን በግርጌ፣ ሁለቱንም ቀኖች አስገብቶ።

ውጤቱ

የፍቺው ነገር በዓረፍተ ነገር 2 አለፈ፤ ለፍትሕ አስተዳደሩ ማመልከት አላስፈለጋትም። የቀኑ ግጭትም ተፈታ። ከምስክር ወረቀቱ ግዴታ ነጻ የሚያደርገው ማመልከቻ በመዝገብ ቢሮው በኩል ሄዶ ተፈቀደላት።

ሁሉም ነገር ግን በታሰበው ጊዜ አልሆነም። ብዙ ጊዜ የበላብን የአህጽሮቱ ፍቺ ሳይሆን የቀድሞ ባሏ የዜግነት ወረቀት ነው። በ2015 ኢትዮጵያዊ እንደነበረ ማሳየት ነበረብን። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደተወ ስለሚቆጠር፣ ዜግነት የተቀበለበት ትክክለኛ ቀን ወሳኝ ነው። ስልክ የማያነሳውን ሰው ያግባቡት የሁለቱም ንስሐ አባት ናቸው። ቅጂውን ሲልክ 2016 የሚለው ቀን ግልጽ ሆኖ ታየ። የሠርጉ የመጀመሪያ ቀን ግን አለፈ፣ አዳራሹም ቀብድ በላ። ነጻ የሚያደርገው ፈቃድ የሚጸናው ለ6 ወር ብቻ ስለሆነ አዲሱን ቀን በዚያ ውስጥ አደረጉት፤ ተጋቡ።

ለሌላ ጉዳይ የሚሆነው

አምስቱን ዓምዶች ከዚያ ወዲህ ከጀርመን ውጭ ላሉ ጉዳዮችም ተጠቅመንባቸዋል። ይሠራሉ፣ አንድ ስድስተኛ ጥያቄ ከተጨመረ፦ የማን አገር? ለምሳሌ «ቤ-ጌ-ቤ-ኤል» የጀርመንም የኦስትሪያም የሕግ ጋዜጣ ነው። ድሮ መለየት ቀላል ነበር፤ ጀርመኖቹ በገጽ፣ ኦስትሪያውያኑ በቁጥርና በዓመት ይጠቅሱ ነበር። ከጥር 2023 ወዲህ ግን የጀርመኑ ጋዜጣ በኤሌክትሮኒክስ ብቻ ስለሚወጣ እሱም በቁጥር መጠቀስ ጀምሯል፣ ስለዚህ ያቺ ምልክት ለአዲሶቹ ሕጎች ያን ያህል አትረዳም። «ኢ-ፔ-ኤር-ጌ» የሚባል የግለሰብ ዓለም አቀፍ ሕግ አዋጅም ኦስትሪያ አላት፣ እ.ኤ.አ. የ1978፤ ስዊዘርላንድም አላት፣ የ1987።

የስዊዘርላንድ ነገር ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው፤ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸውና የሕጋችንን ምንጭ የሚመረምር ተማሪ ይዋል ይደር እንጂ የእነሱ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እዚያ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፣ አንድ ነገር ብዙ አህጽሮት አለው። የፌዴራል ፍርድ ቤታቸው የፍርድ ጥራዝ በጀርመንኛ «ቤ-ጌ-ኤ»፣ በፈረንሳይኛ «አ-ቴ-ኤፍ»፣ በጣሊያንኛ «ዲ-ቲ-ኤፌ» ነው። ሦስቱም አንድ ጥራዝ ናቸው። ቁጥሮቹ አንድ ከሆኑ ውሳኔውም አንድ ነው። ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች መስለውት የቆጠረ የመመረቂያ ጽሑፍ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ተማሪው በርትቶ ሠርቷል፣ ይህን ግን ማንም አልነገረውም።

የስምምነቶች ጥራዝ ውስጥም አለ። «ሲ-ቲ-ኤስ» ከ1648 እስከ 1919 የተደረጉ ስምምነቶች የተሰበሰቡበት ትልቅ ስብስብ ነው፤ የካናዳ የስምምነቶች ጥራዝም በነዚሁ ፊደሎች ይጠቀሳል። እዚህ ዓመቱን ማየት ይበቃል። «አይ-ኤል-አር» ደግሞ ዓለም አቀፍ የሕግ ውሳኔዎችም የሕንድ የፍርድ ጥራዝም ሊሆን ይችላል፤ ይህን የሚለየው ጉዳዩን ያየው ፍርድ ቤት ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ማውጫ የሚሰጥህ እጩ እንጂ መልስ አይደለም። ያገኘኸውን ፍቺ ይዘህ የተጠቀሰውን ሕግ ወይም ውሳኔ ክፈትና እዚያ ቦታ ላይ የተባለው ነገር በእርግጥ መኖሩን አይተህ ነው «ተፈታ» የምትለው። የሸማች ትርጓሜ ጋብቻ ጥያቄ ውስጥ ሲገባ አንድ ጊዜ ቢነበብ ኖሮ ስህተቱ በዚያው ደቂቃ ይታይ ነበር።

ለተርጓሚዎች

ከአማርኛ ወደ ውጭ ቋንቋ የምትተረጉሙ ወንድሞችና እህቶች፣ ዓ/ምን በፍጹም አትተዉ። የኢትዮጵያውን ቀን እንዳለ ጻፉ፣ ከጎኑ የፈረንጁን አስቀምጡ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግለጹ። አዋጅ ሲጠቀስ ሁለቱንም ቁጥሮች ስጡ። «መ/ቁ»፣ «አ/ቁ»፣ «የሰ/መ/ቁ» (የሰበር መዝገብ ቁጥር) ሲያጋጥማችሁ የተጻፉበትን ቦታ እዩ፤ «አ/ቁ» አንዱ ጋ አዋጅ ቁጥር፣ ሌላው ጋ አንቀጽ ቁጥር ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ወደ ባለጉዳዩ ወይም ወደ ጠበቃው ደውሉ፤ ገምታችሁ ከምትጽፉ ይሻላል።

ፍርድ ጸሐፊዎችና ዳኞችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና አለኝ። ሕጉን መጀመሪያ ስትጠቅሱ አንድ ጊዜ በሙሉ ስሙና በሙሉ ዓመቱ ጻፉት፣ ከዚያ በኋላ እንደልባችሁ አሳጥሩ። የቤተሰብ ውሳኔዎች ዛሬ ከአገር ወጥተው ፍራንክፈርት፣ ዋሽንግተን፣ ዱባይ ይነበባሉ። ባለጉዳይዋ ያሳለፈችው መጉላላት ግማሹ የመጣው ከእኛው ወረቀት ላይ ከነበሩ አራት አህጽሮቶች ነው። ዝርዝሩን አሁን ቢሮአችን ውስጥ እያሳደግነው ነው፤ ወደ ውጭ ለሚሄድ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ ውሳኔ ግልባጭ ከነጋሪት ጋዜጣው ገጾች ጋር አባሪ አድርገን እንሰጣለን።